የቪአር መነጽር ለስፌት መስመር፦ ከሐዋሳ የተነሳ ጥያቄና 16 ምላሾቹ

ጥያቄውን ያነሳው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ የአንድ ልብስ ሼድ የምርት ኃላፊ ነው። ቁጥሮቹን አልደበቀም፤ የውይይት ክሩ (ጥያቄውና ምላሾቹ) ወሬ ብቻ ሆኖ ያልቀረውም በዚህ ነው። ኮሌታ ያለው ቲሸርት (ፖሎ) የሚሰፋበት መስመሩ 32 ሰው አለው። የሥራ ቀኑ 480 ደቂቃ ነው። የአንዱ ፖሎ መደበኛ የሥራ ደቂቃ፣ ኤስኤምቪ የምንለው፣ 12 ነው። በቀን 640 ይወጣል። 640 በ12 ሲባዛ 7,680 ደቂቃ ይመጣል፤ 32 ሰው በ480 ሲባዛ ደግሞ 15,360። ስለዚህ ብቃቱ 50 በመቶ ነው። ሰውየው 65 በመቶ ይፈልጋል፤ ያ በቀን 832 ፖሎ ማለት ነው።

ያሰበው መላ 10 የቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ ተጠልቆ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም የሚያሳይ መነጽር፣ መግዛት ነው። አዲስ ገቢዎች ማሽን ከመንካታቸው በፊት በመነጽሩ ውስጥ ስፌት ይለማመዱ፣ የሥልጠና መስመሩ ይዘጋ፣ ለልምምድ የሚባክነው ጨርቅና ክርም ይቅር ነው ሐሳቡ። የጠየቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው መነጽር ይሻላል?

የመጀመሪያው ምላሽ ጨዋና አበረታች ነው። እንኳን ደህና መጡ ብሎ ጀመረና ሐሳቡን ደገፈ። አውሮፕላን ሠሪው ቦይንግ የሽቦ ገመዶችን ለማገጣጠም መነጽር እንደተጠቀመ አስታውሶ፣ እኛስ ምን አነሰን አለ። ለስፌትም የማይክሮሶፍትን መነጽር፣ ሆሎሌንስ 2ን መከረ።

2ኛው ወዲያው አረመው፤ በትህትና፣ ግን ሳያለሳልስ። ቦይንግ ዘንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ኮዴልና ባልደረቦቹ ያሰቡት ቪአር ሳይሆን ኤአር ነበር። ሠራተኛው እውነተኛውን ሰሌዳና ሽቦ እያየ፣ ሽቦው የሚሄድበት መንገድ ከላዩ ይሳልለታል። ቪአር ግን ዓይንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ያጠለቀው ሰው የራሱን ጣት እንኳ የሚያየው በሥዕል ነው። የሁለቱ ጥቅምም ጉዳትም የተለያየ ነውና ተቀላቅለው አይገዙም። ሆሎሌንስ 2ን ደግሞ ማይክሮሶፍት ማምረት ያቆመው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ መለዋወጫና ማዘመኛ የሚያልቅበትን ዕቃ ዛሬ መግዛት አያዋጣም አለ።

የውይይቱ ትልቁ ዋጋ ያለው ለእኔ 3ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው በሙያው ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። መነጽሩን ትቶ በቀጥታ ወደ ቁጥሩ ገባ። በ480 ደቂቃ ውስጥ 28,800 ሰከንድ አለ። ያ ለ640 ሲካፈል በየ45 ሰከንዱ አንድ ፖሎ ይወጣል ማለት ነው። እንግዲህ በመስመሩ ላይ አንዱን ቁራጭ በ45 ሰከንድ የምትጨርስ፣ ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ኦፕሬተር መኖር አለባት፤ ኮሌታ መግጠም ወይም ደረቱ ላይ ቁልፎቹ ያሉበትን ክፍት መስፋት ይሆናል። ከኋላዋ ሥራ ይከመራል፣ ከፊቷ ያሉት ቁጭ ይላሉ። ሌሎቹ 31 ሰዎች ቢሠለጥኑ፣ እጃቸው እንደ መብረቅ ቢሆን፣ በቀን የሚወጣው ያው 640 ነው።

832 ለማውጣት የትኛውም ጣቢያ (በመስመሩ ላይ አንድ ሥራ የሚሠራበት ቦታ) ከ34.6 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ስቶፕዎች፣ ወረቀትና እርሳስ ነው አለ። በእያንዳንዱ ጣቢያ 10 ዙር ይለካ። መርፌ የተሰበረበት ወይም ክር የተበጠሰበት ዙር ይለይና ለብቻው ይጻፍ። ያ ጣቢያ ሲገኝ ሁለተኛ ማሽን ይጨመርለት፤ 45ቱ ወደ 22.5 ይወርዳል፣ ቀጥሎ የሚያንቀውም ሌላ ጣቢያ ይሆናል። ሰውየው 10 መነጽር ገዝቶ ይህን ሳያደርግ ቢቀር ገንዘቡ ባከነ። ይህን ስጽፍ ከልቤ ነው፤ በየሼዱ የሚታየው ችግር ይኸው ነውና።

4ኛው ላይ ድምፁ ከረረ። ከአዳማ የሚጽፍ የስፌት ማሽን መካኒክ ነው፤ ስፌት በቪአር ይለመዳል የሚለውን ከሥሩ ነቀለው። ማስረጃው ከጣት ይጀምራል። እጅጌ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚዘመዝመው ማሽን) ሲገጠም ሁለት ጨርቅ ይደራረባል። የታችኛውን የማሽኑ ጥርስ እየጎተተ ይወስደዋል፣ የላይኛው ደግሞ በማሽኑ እግር ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። ኦፕሬተሯ በግራ እጇ ጣቶች የላይኛውን በትንሹ እየገፋች ታስተካክላለች። ምን ያህል እንደምትገፋ የሚነግራት የጨርቁ ውጥረት ነው። ካልገፋች ስፌቱ ሲያልቅ የላይኛው ተርፎ ይወጣል፤ ከጎተተች ይሸበሸባል። የመነጽሩ መቆጣጠሪያ ግን መንዘር ብቻ ነው የሚችለው፤ ጀርሲና ፒኬ ጨርቅ በእጅ ላይ ያላቸውን ልዩነት አያውቅም።

ቁጥርም ጨመረ። ጁኪ ዲዲኤል 8700 የተባለው የስፌት ማሽን በሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 5,500 ጊዜ ይሰፋል፤ በሰከንድ ከ91 በላይ ነው። ብዙ ጊዜ መነጽሩ በሰከንድ የሚያሳየው ምስል 72 ነው። መርፌዋ በወረደች ቁጥር እንኳ አንድ ምስል አይደርሳትም። ፔዳሉም ሌላ ጣጣ ነው፦ በፊት እግር ገፋ ሲያደርጉት ይፈጥናል፣ ራሱ ክር የሚቆርጥ ማሽን ከሆነ በተረከዝ ሲጫኑት ይቆርጣል፤ የዚህ ልኩ ያለው ቁርጭምጭሚት ውስጥ ነው። በመነጽር ሰልጥና የመጣች ልጅ ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ ከዜሮ ትጀምራለች፤ ይባስ ብሎ የማይሠራ ልማድ ይዛ ትመጣለች ብሎ ዘጋው።

5ኛው በግማሹ ተስማማ። ጣት የሚያስተምረውን ለማሽኑ ተዉለት፤ ቪአር ቅደም ተከተልን፣ በተለይም የሚያሳስት ቅደም ተከተልን ያስተምራል አለ። ያመጣው ምሳሌ መርፌ መቀየር ነው፤ በጣም ቅርብ ስለሆነ እንዳለ አስፍሬዋለሁ። ማብሪያ ማጥፊያው ይዘጋል። ማሽኑ የድሮው ክላች ሞተር ካለው ከተዘጋ በኋላም ጎማው መዞሩን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ተጭኖ ዙሩ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ሰርቮ ሞተር ያለው ላይ ይህ የለም። ሁለት ዓይነት ማሽን የተቀላቀለበት መስመር ላይ ጣት የሚወጋውም በዚህ ነው፤ በሰርቮ የለመደች ክላቹ ላይ ስትቀመጥ ፔዳሉን ትረሳለች። ከዚያ በእጅ ጎማውን አዙሮ የመርፌውን ዘንግ እስከ ላይ ማንሳት፣ ብሎኑን በትንሿ ካቻቢቴ ማላላት፣ አዲሱን መርፌ ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ ዞሮ እስኪደገፍ ወደ ላይ መግፋት፣ ማጥበቅ። ቦዩ ትንሽ ከዞረ ማሽኑ ስፌት ይዘላል፤ ልጅቷም ክሩን ትወቅሳለች።

የተሰበረ መርፌ ከሆነ ደግሞ ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ ቅጽ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ አንድ ቁራጭ ከጎደለ ጥቅሉ በሙሉ በብረት መፈለጊያ ያልፋል። ይህ ሁሉ ዘጠኝ አሥር እርምጃ ነው፤ አንዱን የዘለለ በመነጽሩ ውስጥ ቀይ ያያል፣ ማንም አይወጋም፣ ማሽንም አይቆምም። በቆረጣ ክፍል ያለው ባንድ መጋዝና የብረት ጓንት፣ የቦይለር አከፋፈት፣ ጭስ ሲነሳ በየትኛው በር እንደሚወጣ፦ ለእነዚህ ይሆናል አለ። 4ኛው ጸሐፊ ተመልሶ እዚህ ላይ እንደሚስማማ ጻፈ፤ በውይይቱ ውስጥ እሱ የተለዘበው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

6ኛው ረጅም ነው፤ ስለ መስመር አቀማመጥ ነው። የሚለው ይህ ነው፦ ማሽኖቹን ከማንቀሳቀስህ በፊት መስመሩን በመነጽሩ ውስጥ ገንባው፣ ግባበት፣ ተራመድበት። እንዴት እንደሆነም ዘረዘረ።

ሼዱ በሌዘር ሜትር ይለካል፤ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን የኮለኖቹ መሐል ለመሐል ርቀት ነው የሚለካው። ማዕዘኑ መቀየስ አለመቀየሱ በአግድም ይጣራል፦ 6 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል አግድሙ 10 ሜትር መምጣት አለበት፤ 10 ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ ቀጥ አይደለም። ከዚያ ከላይ ያለው ሁሉ ከፍታው ይያዛል፦ የኤሌክትሪክ ባስባር፣ የመብራት ሐዲድ፣ የአየር ቱቦ፣ የእሳት ማጥፊያ ሣጥን፣ የመውጫ በሮች። ብዙ ሰው ወለሉን ለክቶ ጣሪያውን ይረሳል፤ ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ገመዱ ባስባሩ ላይ አይደርስም።

የማሽኑ ሞዴል ላይ ነው ሥራው የሚበላሸው። አምራቹ የሚሰጠው ስቴፕ ፋይል፣ ማለትም የማሽኑ የኮምፒውተር ሥዕል፣ በየብሎኑ የተሳለ ነው። ብሌንደር የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በራሱ ስለማይከፍተው መጀመሪያ ፍሪካድ በተባለው የንድፍ ፕሮግራም ውስጥ ተከፍቶ ወደ ሜሽ (በሦስት ማዕዘኖች ወደተሠራ ቅርጽ) ይቀየራል፣ ከዚያ ብሌንደር ውስጥ ይቀነሳል፣ መጨረሻ የመነጽሩ ፕሮግራም ወደሚሠራበት ዩኒቲ ይገባል። አንዱ ማሽን 200,000 ሦስት ማዕዘን ቢሆን 32ቱ 6.4 ሚሊዮን ይሆናሉ። እንደ ክዌስት 2 ያለ ራሱን የቻለ (ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ) መነጽር በአንድ ምስል የሚችለው ከ750,000 እስከ 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። ካለፈ ምስሉ ይንቀረፈፋል፣ ያጠለቀው ሰው ያቅለሸልሸዋል። አንዱ ማሽን ወደ 5,000 ከወረደ ሁሉም 160,000 ይሆናል፤ ለአቀማመጥ ሥራ ይበቃል። እንዲያውም 120 በ60 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛና ከላዩ አንድ ሣጥን ቢሆንም ይሠራል አለ። ሌላው ወጥመድ መለኪያው ነው፦ ፍሪካድ በሚሊ ሜትር፣ ዩኒቲ በሜትር ይቆጥራሉ። ሳይቀየር የገባ ማሽን 1,000 ጊዜ ገዝፎ ይመጣና ስክሪኑ ባዶ ይመስላል፤ ጀማሪ ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ እውነቱ ግን ሰውየው ማሽኑ ውስጥ ቆሟል።

ከገቡ በኋላ ምን እንደሚታይም አልረሳም። ኦፕሬተሯ ከወንበሯ ሳትነሳ በግራ በኩል ያለውን ጥቅል ትደርሳለች ወይ? መካኒኩ ከማሽኑ ጀርባ ተንበርክኮ ቀበቶ መቀየር ይችላል ወይ? ሁለት ጋሪ ቢተላለፉ በሩን ይዘጋሉ ወይ? ሱፐርቫይዘሯ ከቆመችበት የመስመሩን ጫፍ ታያለች ወይ? ሰው ይነሳል፣ ይዞራል፣ ጥቅል ይፈልጋል፤ በየዙሩ 3 ሰከንድ የጠፋበት ጣቢያ በ640 ዙር 32 ደቂቃ አጣ።

7ኛው ግን ይህን ሁሉ አልወደደውም። ጠመኔና ካርቶን ምን ሆነው ነው ብሎ ጀመረ። ካርቶን በማሽኑ ልክ ይቆረጥ፣ ወለሉ ላይ ይነጠፍ፣ አራት ሰው ይዞ ግማሽ ቀን ቢሠራ ያልቃል፤ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። መነጽሩ ለጎብኚ ፎቶ ማንሻ ነው፣ ይህን ሁሉ ማውራት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው አለ። 8ኛው መልስ ሲሰጥ እስከዚያ ድረስ የነበረው አንቱታ ቀረ። ጠመኔ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቱቦ ይሥላል ወይ ብሎ አንተ እያለ ጠየቀው፤ ካርቶኑ ላይ መብራቱ የት እንደሚያበራና የት እንደሚጋርድ ይታያል ወይ ብሎ ጨመረ። 7ኛው ደግሞ ቱቦውን ቀና ብሎ ማየት ይቻላል ብሎ መለሰ። ሁለት ሦስት ዙር ተናቆሩ፤ አወያዩ ሥራውን ተነጋገሩ ሰውን ተዉ ብሎ አበረዳቸው። በእኔ ግምት 7ኛው በቅደም ተከተሉ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ላይ ግን አይደለም። ጠመኔ ይቅደም፤ ከወለል በላይ ያለውን ጠመኔ አያሳይም።

9ኛው ወደ ዕቃው ተመለሰ፤ ሼድ ውስጥ መነጽር ለምን እንደሚያስቸግር አንድ በአንድ ጻፈ። መነጽሩ የት እንዳለ የሚያውቀው በካሜራዎቹ ዙሪያውን እያየ ነው። ነጭ ግድግዳና ባዶ ወለል የሚይዘው ምልክት የለውምና ምስሉ ይንሸራተታል። መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ የተለያየ ፖስተር መለጠፍ ወይም ወለሉ ላይ በቀለም ፕላስተር ያልተመሳሰሉ ቅርጾች መሥራት ነው። መብራታችን በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ የሼዱ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ መነጽሩ በ60 ላይ ተስተካክሎ ከሆነ ካሜራው ያብዳል። በቅንብሩ ውስጥ የመከታተያ ድግግሞሽ የሚለውን ከራስ ሰር ወደ 50 መቀየር ነው።

ከሁሉ የባሰው ፀሐይ ነው። የመነጽሩ ሌንስ እንደ ማጉያ መስታወት ነው፤ ጣሪያው ላይ ካለው ብርሃን ማስገቢያ ወይም ከመስኮት የገባ ጨረር በሌንሱ አልፎ ስክሪኑ ላይ ከተሰበሰበ ቢጫ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው አይለቅም። ስለዚህ ከጭንቅላት ሲወልቅ ሌንሱ ወደ ታች ተደፍቶ ወይም በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ። የጥጥ ብናኝ ደግሞ በአየር ማስገቢያው ገብቶ ማራገቢያውን ያፍናል፤ ከቆረጣ ክፍል ይራቅ። ባትሪው የሚቆየው 2 ሰዓት አካባቢ ነው።

10ኛው አጭር ነው ግን ማንም ያላሰበውን አመጣ፤ ሴት ኦፕሬተር ሳትሆን አትቀርም። መነጽሩ ወደ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፤ ክዌስት 3 515 ግራም ነው። የኋላ ማሰሪያው የተሠራው ለለስላሳ ፀጉር ነው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ጋ ማሰሪያው ሹሩባው ላይ ይንሸራተትና ክብደቱ ሁሉ ጉንጭ ላይ ይወርዳል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። የኋላው ማሰሪያ ከፀጉሩ እብጠት በታች፣ ማጅራት አጥንት ላይ ማረፍ አለበት፤ የላይኛው ደግሞ መጥበቅ ያለበት ከጎኖቹ በኋላ ነው። ሻርፕ ወይም ሂጃብ ካለ ከላዩ ይሁን፣ አታውልቋት። በአንድ መነጽር ብዙ ሰው ስለሚገባበት ፊት የሚነካው ላይ የሲሊኮን ሽፋን ይደረግና በየሰው ይጠረግ፤ ሌንሱን ግን አልኮል አይንካው፣ ደረቅ የመነጽር ጨርቅ ብቻ። በዓይኖች መካከል ያለው ርቀት በየሰው ይስተካከል፤ ክዌስት 2 ላይ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ። የመጀመሪያ ቀን ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ በመቆጣጠሪያው ከመንሸራተት በእግር መራመድ ወይም ከቦታ ቦታ መዝለል ማቅለሽለሹን ይቀንሳል።

11ኛው ስለ ቋንቋ ነው። አብዛኞቹ አዲስ ገቢዎች ከሲዳማ ገጠር ወረዳዎች ይመጣሉ፤ ከወላይታም አሉ። መመሪያው በአማርኛ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ግማሹ ይጠፋል። በሲዳምኛ የተቀዳ ድምፅ ከማንኛውም ጽሑፍ ይበልጣል። አማርኛ ጽሑፍ የሚያስገባ ደግሞ ዩኒቲ ውስጥ ፊደሉን ራሱ ማዘጋጀት አለበት፤ ዝግጁው ቅርጸ ፊደል ግዕዝ ስለሌለው በየፊደሉ ባዶ ሣጥን ይወጣል። ፊደላችን ከ300 በላይ ቅርጽ ስላለው ፊደሎቹ የሚሰፍሩበት ምስል ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ካነሰ ሀ እና ሁ በሩቁ አይለዩም። ሲዳምኛ በላቲን ስለሚጻፍ ይህ ችግር የለበትም።

12ኛው ከርዕሱ ወጣ፤ ደግሞም በምሬት። ሠራተኛው ለምን ይለቃል የሚለውን ሳትመልሱ ምን ሥልጠና ነው አለ። አንዲት ልጅ ሠልጥና በወራት ውስጥ ከለቀቀች ሥልጠናው በመነጽር ሆነ በማሽን ያው ባከነ፤ ደሞዝና የቤት ኪራይ ይስተካከል። 13ኛው ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የነበረውን ተስፋ፣ ኢትዮጵያ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል) ስትሰረዝ የሆነውን አነሳ። ነገሩ ወደ ፖለቲካ ሊሄድ ሲል አወያዩ ሌላ የውይይት ክር ይከፈት አለ። ክሩ መከፈት የሚገባው ይመስለኛል፤ 12ኛው ያነሳው የብቃት ጥያቄ ነው፣ ከ3ኛው ስሌትም አይለይም፦ በየወሩ ጣቢያው ላይ አዲስ ሰው ካለ 45 ሰከንዱ አይወርድም።

14ኛው መብራት ሲጠፋ ስለሚሆነው ጻፈ። በባትሪ የሚሠራው መነጽር አይጠፋም፤ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ የተያያዘው ግን ዩፒኤስ ከሌለው ሥልጠናው መሐል ላይ ይቆማል፣ መብራቱ ሲመለስም በድንገት የሚጨምረው ቮልቴጅ ቻርጀር ያቃጥላል። ስለዚህ ራሱን የቻለውን ይግዛ፣ ስታቢላይዘርም ያድርግለት። የራስን ፕሮግራም ለመጫን አካውንትና በስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ ያስፈልጋሉ፤ የዴቨሎፐር ሁነታው ተከፍቶ ሁሉም ነገር በይነመረብ ባለበት ቦታ አስቀድሞ ይጠናቀቅ። ሼድ ውስጥ ማዘመኛ የጠየቀ መነጽር የቀኑን ፕሮግራም ያበላሻል።

15ኛው የጠያቂው ነው። ቅር አላለውም። ሦስት ቀን ለክቶ ጣቢያውን አግኝቷል፦ ኮሌታ መግጠም ነው፤ ከ43 እስከ 47 ሰከንድ ትፈጃለች። 10ሩን መነጽር ትቶ ሁለት ብቻ ሊገዛ ነው፤ አንዱ ለመርፌና ለእሳት ልምምድ፣ ሌላው ለአቀማመጥ። የሥልጠና መስመሩንም አይዘጋም። ሁለተኛውን የኮሌታ ማሽን የት እንደሚያስገባ በመነጽሩ ለማየት ይፈልጋል፤ ግን በመነጽሩ ያለው ሼድ ከእውነተኛው ጋር ልክ መግጠሙን በምን አውቃለሁ ብሎ ጠየቀ።

16ኛውን የጻፈው ራሱ የጠመኔው ሰው፣ 7ኛው ነው፤ ወደ አንቱታም ተመልሷል። ሁለት ሩቅ ኮለን ይምረጡ አለ። በመካከላቸው ያለውን በሜትር ይለኩ። ከዚያ መነጽሩን አጥልቀው መቆጣጠሪያውን የመጀመሪያው ኮለን ጠርዝ ላይ ያስነኩ፣ ሞዴሉን እዚያ ያያይዙ፣ እስከ ሁለተኛው ይሂዱና ያስነኩ። የሥዕሉ ኮለንና የእጅዎ ኮለን ልዩነት ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ እንደገና ይሠራ፤ ካላለፈ ይቀጥሉ። ኮለኑ ነጭ ቀለም ከተቀባ ግን መጀመሪያ ዓይን ከፍታ ላይ ባለቀለም ፕላስተር በአግድም ይለጥፉበት። አዲሱ ማሽን የሚቆምበትን ወለሉ ላይ በጠመኔ አስቀድመው ያስምሩ፤ ሥዕሉ ከጠመኔው መስመር ከወጣ የተሳሳተው ሥዕሉ ነው። መስመሩ እሑድ ስለሚቆም ያን ቀን ቢያደርጉት ይሻላል፤ ሜትሩን የሚይዝ አንድ ሰው ይኑርዎት።